ከተኩስ በኋላ የሚቀረው ጠመንጃ

ጠመንጃ ሊመርጥ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ተኩሱ ነው። ምን ያህል ርቆ ይመታል? ስንት ይጎርሳል? ይፈጥናል ወይ? ቡሬም ይሁን ፍኖተ ሰላም ወይም መራዊ፣ መጨረሻው ያው ነው፤ «ጋሼ፣ የአባቴን ምንሽር ልያዝ ወይስ በክላሽ ልለውጠው?» ይሉኛል። የመሣሪያ ጥገና ተምሬ ዕድሜዬን መዝጊያ ስፈታና አፈሙዝ ስወለውል ስለኖርሁ ቁርጥ ያለ መልስ ይጠብቃሉ። መልስ አለኝ፤ ግን እነሱ ጥያቄያቸውን ከሚያቆሙበት ቦታ ነው የምጀምረው። ጥይቱ ከወጣ በኋላ ጠመንጃው በምን ሁኔታ ላይ ይቀራል? ሠርቶ አዳሪ ሰው ለቤቱና ለከብቱ መሣሪያ ሲመርጥ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ይህን ነው።

መሣሪያውን በሁለት ወገን እከፍለዋለሁ። አንደኛው ወገን በእጅ የሚሠራው ነው። ከተኮሰ በኋላ ባለቤቱ መዝጊያውን አንስቶ ወደ ኋላ ካልሳበው፣ ቀለሁን አውጥቶ አዲስ ጥይት ካላስገባና መልሶ ካልቆለፈው በቀር ሁለተኛ አይተኩስም። ምንሽር፣ ቤልጅግ፣ ውጅግራ፣ ጣልያን ጥሎት የሄደው ካርካኖ ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ወገን ራሱን የሚያጎርሰው ነው። ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ ተቀንሶ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ቀለሁ ተወርውሮ ይወጣል፤ ሞላው መዝጊያውን ወደ ፊት ሲሰደው አዲስ ጥይት ከካዝናው ይዞ ይገባል። ይህ ሁሉ ተኳሹ ትከሻው ላይ ያረፈውን ምት እንኳ አስተውሎ ሳይጨርስ ያልቃል። ሲሞኖቭ፣ ኤም ዋንና ክላሽ ከዚህ ወገን ናቸው። ክላሽ እንደ ልብ ሲለቀቅም በተከታታይ ይተኩሳል።

ሁለቱን በአንድ የነሐሴ ሌሊት አስቡልኝ። በቆሎው እሸት ይዟል። ማማ ላይ ያደረው ልጅ «ጅብ! ጅብ!» እያለ ይጮሃል። አባት ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ጠመንጃውን አንስቶ ይወጣና አንድ ይተኩሳል፤ ጅቡም በረቱን ጥሎ ይሸሻል። ሰው ሁሉ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ይላል። አባት በምንሽር ተኩሶ ከሆነ እውነትም አልቋል፤ ጠመንጃው ውስጥ ያለው ባዶ ቀለህ ነው፣ ቃታውን ማንም ቢስበው አይተኩስም። በክላሽ ተኩሶ ከሆነ ግን ሌላ ጥይት ቦታውን ይዟል፣ መምቻው ተወጥሯል፣ ቃታውም ትንሽ ንክኪ ይበቃዋል። በዚህች ቅጽበት ከብቶቹ ተረብሸው እየተገፋፉ ነው፣ ልጆች ከቤት ወጥተዋል፣ እናትየዋ ባትሪ ይዛ እየመጣች ነው፣ ጭቃው ያዳልጣል፣ የአባት እጅ ገና ይንቀጠቀጣል። ጠመንጃው በጣም አደገኛ የሆነው ዒላማው በሄደበት ሰዓት ነው።

ከዚያ አባት ካዝናውን ይነቅልና «ባዶ ነው» ብሎ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ካዝናው ሲነቀል ግን አስቀድሞ ወደ ውስጥ የገባው ጥይት አብሮ አይወጣም። በሥራዬ ከሰማኋቸው የቤት ውስጥ አደጋዎች የዚህን ያህል ደጋግሞ የመጣብኝ ምክንያት የለም። «ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» ይባላል፤ የተደገነበትም የደገነውም ይፈራሉና። ለቤት ግን የሚያሰጋው ማንንም የማያስፈራው ጠመንጃ ነው። ባዶ ነው ተብሎ ስለታመነ ልጅ ይነካዋል፣ እንግዳ ያነሳዋል፣ ጎረምሳ ጓደኛው ላይ ደግኖ ይጫወትበታል።

ጎጃም ከጠመንጃ ጋር ያለው ልማድ የተገነባው በእጅ በሚሠራው ወገን ነው። በ1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ የጎጃም ሠራዊት በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሥር ሲሰለፍ፣ በዘመኑ በብዛት ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ውጅግራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1874 ፈረንሳይ ለጦሯ የመረጠችው፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ጎራሽ። ተኳሹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እጁን ወደ ዝናሩ መስደድ ነበረበት። በአምስቱ የጠላት ዘመንም በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ የመሯቸው አርበኞች ጥይት እየቆጠሩ ነው የተዋጉት፤ ዝናር የሚሞላው ከጠላት በተማረከ ነበር። በየካቲት 1933 ጣልያን ቡሬን ለቆ ሲወጣ፣ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ በየአርበኛው ትከሻ ላይ የነበረው በአብዛኛው ይኸው መዝጊያው በእጅ የሚሳብ ጠመንጃ ነበር። የአገሬ ሰው አልሞ ተኳሽን የሚያከብረው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጥይት ብቻ ያለው ሰው ሳያነጣጥር አይተኩስም።

ራሱን የሚያጎርሰው መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው በሌላ በር ነው። በ1943 ዓ.ም ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ባለ 8 ጎራሹን አሜሪካዊ ኤም ዋን ታጥቆ ተዋጋ። ያን መሣሪያ የያዘ ወታደር በአሰልጣኝ ፊት ፈትቶ ይገጥማል፣ ተኩሶ ሲጨርስ ተፈትሾ ይለቀቃል፣ ከሰልፉ ሲወጣ መሣሪያውን ለግምጃ ቤት ያስረክባል። በኋላም ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሲወዳጅ ክላሽ በገፍ መጣ። ያም ቢሆን ጦር ሰፈር ውስጥ ፍተሻ ነበረው። በ1983 የደርግ ሠራዊት ሲበተን ግን ክላሹ ወደየጎጆው ገባ፤ ፍተሻው ግን አብሮት አልገባም። ለምንሽር የሚበቃ ልማድ ያለው ቤት፣ ሌላ ልማድ የሚጠይቅ መሣሪያ ተረከበ። ዛሬም የማየው ጉድለት ይኸው ነው።

ይህ የምርጫ ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። ወፍና ጥንቸል በሚታደንበት አገር አዳኞች ስለ ሾትጋን ሲከራከሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሾትጋን አንድ እርሳስ በመተኮስ ፋንታ ብዙ ጥቃቅን ፍሬ ይረጫል። አንዱ ዓይነት ተኳሹ በግራ እጁ የያዘውን እንጨት ወደ ኋላና ወደ ፊት እየሳበ የሚያጎርሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው ሬሚንግተን 870 ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ሌላው ራሱን የሚያጎርሰው ነው፤ የመጀመሪያውን የተሳካለት ሾትጋን አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ነድፎት፣ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ያመረተው የቤልጅግ ፋብሪካ ኤፍ ኤን ነበር። ያው ፋብሪካ ነው ከማይጨው ጦርነት በፊት መንግሥታችን የገዛውን ባለ 5 ጎራሽ ማውዘር የሠራው፤ በየቤታችን «ቤልጅግ» የምንለው። ስለዚህ ሁለቱም አሳቦች ከአንድ ግቢ ወጥተዋል፤ አንደኛው ብቻ ነው ጎጃም ድረስ የዘለቀው።

አዳኞቹ የሚሉት ከእኛው ሥራ ጋር ይገጥማል። በእጅ የሚሳበው ያገኘውን ጥይት ሁሉ ይበላል፤ ደካማም ጠንካራም፣ አሮጌም አዲስም ቢሆን የሚያንቀሳቅሰው ክንድ ነውና። ድክመቱ ባለቤቱ ነው፤ የደነገጠ ሰው እስከ መጨረሻው ሳይስብ ይመልሰውና ቀለሁ ይሰነቀርበታል። ራሱን የሚያጎርሰው ደግሞ የተመጠነ ጉልበት ያለው ጥይት ይፈልጋል፤ ጥይቱ ከደከመ መዝጊያው ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። በምላሹ ትከሻን ይራራለታል። በሁለቱ መካከል ከተኩስ በኋላ ያለው ልዩነት ግን ከምንሽርና ከክላሽ ልዩነት ጋር አንድ ነው፤ አንዱ ባዶ ቀለህ ይዞ ይጠብቃል፣ ሌላው ጥይት ጎርሶ ይጠብቃል።

ራሱን የሚያጎርሰውን ስተች ደግነቱን መደበቅ አይገባኝም። ትከሻው የደከመ አዛውንት ወይም በሰውነቷ ቀጠን ያለች ሴት የማውዘርን ምት ሲፈሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይተኩሳሉ፤ ዓይን የተጨፈነበት ጥይት የት እንደሚያርፍ ደግሞ ማንም አያውቅም። ለእነሱ ለስላሳው መሣሪያ ትክክለኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ደግነት ከዓይን ነው፤ ተኳሹ መዝጊያ ሲስብ ፊቱ ከሰደፉ ይነሳል፣ ዒላማው ይጠፋበታል። ሦስተኛው ጥገና የማያውቅ ሰው የማይጠረጥረው ነው። አንዳንድ የረጠበ ጥይት «ጡብ» ብሎ እርሳሱን አፈሙዙ ውስጥ ትቶት ይቀራል። ራሱን የሚያጎርሰው ጉልበት ስለማያገኝ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ብሎ ይቆማል፤ በዚህም ያስጠነቅቃል። በእጅ የሚሠራው ግን ለጌታው ታዛዥ ነው፤ ሰውየው ሳያስተውል መዝጊያውን ስቦ ሌላ ጥይት ካስገባና ከተኮሰ አፈሙዙ ይፈነዳል። ስለዚህ ምንሽር ያዥ ጆሮውን ማመን አለበት። ድምፁ ካነሰ አፈሙዙን ሳያይ ሁለተኛ አይተኩስም።

ከጥይት እርጅና የሚመጣ ሌላም አለ። ቃታ ተስቦ መርፌው ከመታ በኋላ ዝም ሊል ይችላል። ወጣቶች ወዲያው መዝጊያውን ይከፍታሉ። አሮጌ ጥይት ግን ዘግይቶ ሊለኮስ ስለሚችል፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ ከግማሽ ደቂቃ ያላነሰ መጠበቅ ግድ ነው። በእጅ የሚሠራ ጠመንጃ ይዞ እጅን ማስታገስ፣ ራሱን የሚያጎርስ ይዞ ጣትን ማስታገስ፣ ሁለቱም የሙያው መጀመሪያ ናቸው።

ወደ ንጽሕና ስመጣ የምዕራብ ጎጃም ክረምት አስተማሪዬ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭጋጉና ዝናቡ ጎጆ ውስጥ ድረስ ገብቶ ብረት ያዝጋል። የድሮ ጥይቶች መለኮሻ ደግሞ ከተተኮሰ በኋላ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፤ በአንድ ሁለት ሌሊት አፈሙዙ ውስጡ ቀይ ይሆናል። ጨውን የሚያሟሟው ውኃ ነው፤ ዘይት ላዩን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም። ስለዚህ አስቀድሞ ፍል ውኃ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ በመጨረሻ ስስ የመሣሪያ ዘይት። የኑግ ዘይት የሚቀቡ ብዙ አይቻለሁ፤ ለወጥ ድንቅ ነው፣ ለመዝጊያ ግን እየደረቀ እንደ ሙጫ ይይዛል። ሲሞኖቭ ላይ ይህ ለሕይወት ያሰጋል፤ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ልቅ ሆኖ ስለሚንሸራተት፣ በሙጫ ተይዞ ወደ ፊት ከቀረ መዝጊያው ሲዘጋ ቃታ ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል።

ቆሻሻን በመናገር በኩል ሁለቱ ወገኖች ይለያያሉ። ምንሽር ሲቆሽሽ እጅህ ይሰማዋል፤ መዝጊያው ይከብዳል፣ ያቃስታል፣ የተጣበቀ ቀለህ አልወጣም ይላል። በተለይ መዝጊያው ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ የሚሳበው የኦስትሪያው ዓይነት የተጣበቀ ቀለህ የመንቀል አቅሙ ከማውዘር ያነሰ ስለሆነ ባለቤቱን ንጹሕ እንዲሆን ያስገድደዋል። ክላሽ ግን በሰፊ ክፍተት ስለተሠራ አቧራም ጭቃም ችሎ ይተኩሳል። ይህ ዝናው ባለቤቱን ያዘናጋዋል። ተኩሷልና ደህና ነው ይላል፣ ጥላሸቱ ግን ፒስተኑ ላይ ይከማቻል፣ ዝገቱም አፈሙዙን ውስጥ ውስጡን ይበላል። ችግሩን የሚሸከም መሣሪያ ችግሩን ቀድሞ ከሚናገር መሣሪያ የበለጠ ጠንቃቃ ጌታ ይፈልጋል።

ከመሬቱ አቀማመጥም የሚመጣ ፍርድ አለ። መራዊ አጠገብ የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ ታስቦ ሲሠራ፣ ድሮ በበጋ ባዶ የነበረው ሜዳ ሌት ተቀን ሰው ያለበት ሆነ። በሌሊት ውኃ የሚያዞር አለ፣ ድንች የሚጠብቅ አለ፣ ከቦዩ ማዶ የተኛ አለ። የክላሽ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የማውዘር ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ጃርት ወይም የዱር አሳማ ላይ የተተኮሰ ጥይት ዒላማውን ቢስት ማረፊያው የጎረቤት ማሳ ነው። የሾትጋን ጥቃቅን የወፍ ፍሬ 300 ሜትር ገደማ ላይ ወድቆ ይቀር ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን ሾትጋን ብርቅ ነው፣ በእጃችን ያለው ሩቅ የሚሄደው ነው። ስለዚህ ከዒላማው ኋላ አፈር ያለው ጉብታ ከሌለ አይተኮስም። ለዝንጀሮ ወንጭፍና ጅራፍ ይበቃል፤ ዱር እንስሳ ማደንም በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው። 30 ጥይት የሚይዝ ካዝና «ብስተው ሌላ አለ» የሚል መንፈስ ያሳድራል። 5 ጎራሹ ግን መዝጊያውን እስክትስብ ድረስ የት እንደመታህ እንድታይ ያቆምሃል። ያች ፋታ ለእኔ የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ናት።

ሠርግና ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም ከዚሁ ይገባል። ወደ ላይ የወጣ እርሳስ ይወርዳል፤ የሚወርደውም ለቀስተኛና ሠርገኛ በተሰበሰበበት ሰፈር ላይ ነው። ለሟች ክብር ጠመንጃ ማሰማት የአባቶች ወግ ነው፤ በውጅግራ ዘመን የነበረው ግን አንድ፣ ሁለት ተኩስ ነበር። ክላሽ በተከታታይ ሲለቀቅ ግን ያው ወግ መልኩን ለውጦ አደጋ ሆነ። ክብሩን በአንድ የታሰበ ተኩስ፣ ወይም ያለ ተኩስ በእንባና በሙሾ መግለጥ ይቻላል።

በእነዚህ ዓመታት ስለ ጠመንጃ መጻፍ ከባድ ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልላችን በጦርነት ውስጥ ነው። በጥር 2016 መራዊ ላይ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ያን ሐዘን የማያውቅ ቤት በአካባቢው የለም። እኔ የምጽፈው ስለ ጦርነቱ አይደለም፤ ጦርነት ሲያበቃ መሣሪያው በየቤቱ እንደሚቀር ከ1983 ስላየሁ ነው የምጽፈው። ከውጊያ የተረፈ ልጅ በቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጠመንጃ መሞት የለበትም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ይደነግጋል። ፈቃዱ ሕጋዊ ባለቤት ያደርጋል፤ መሣሪያውን የመያዝ ሙያ ግን ለብቻው መማርን ይጠይቃል።

እንግዲህ ለጠያቂዬ የምሰጠው ምርጫ ይህ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት፣ መሣሪያው በዓመት ጥቂት ጊዜ ለጅብ ብቻ በሚወጣበት፣ ሌላ ሰው ሊነካው በሚችልበት ቤት የአባትህን ምንሽር ያዝ። ፈትሸህ፣ ወልውለህ፣ ጥይቱን ከጠመንጃው ለይተህ ቆልፍበት። ራሱን የሚያጎርሰው ለሚገባው ሰው ነው፤ ለሠለጠነ፣ ለሚያጸዳ፣ ብቻውን ለሚቆልፍ፣ ወይም ትከሻው ሌላውን ለማይችልለት። ክላሽ ከሆነ መምረጫው ከተዘጋበት ሲወርድ አስቀድሞ የሚያገኘው ተከታታዩን፣ ታች ድረስ ሲወርድ ደግሞ ነጠላውን መሆኑን ጣቱ በጨለማ ማወቅ አለበት። እየዳበሰ መሃል ላይ የቆመ ጣት አንድ ሊተኩስ አስቦ ብዙ ይለቃል።

ከዚያም ባዶ የማድረጉን ቅደም ተከተል አስተምረዋለሁ። አፈሙዙ ወደ አፈር፣ ጣት ከቃታ ውጭ። መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል፤ ቀጥሎ መዝጊያው ይሳባል፤ የገባው ጥይት ይወድቃል፤ ዓይን ውስጡን ያያል፤ በጨለማ ደግሞ ትንሿ ጣት ገብታ ትዳስሳለች። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ካዝናው ሳይነቀል መዝጊያው ከተሳበ፣ አንዱ ጥይት ወጥቶ ሌላው ይገባል፤ ሰውየውም አንድ ሲወድቅ አይቷልና ባዶ ነው ብሎ ያምናል። በክላሽ ላይ ደግሞ መምረጫው ካልተከፈተ መዝጊያው እስከ መጨረሻው አይሳብም፤ ስለዚህ ባዶ የሚደረግበት ቅጽበት ራሱ መተኮስ የሚችልበት ቅጽበት ነው፤ አፈሙዙ የት እንዳየ የሚያስጨንቀኝም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚጠይቀኝን ሰው መልስ ከመስጠቴ በፊት እፈትነዋለሁ። ሕይወት የሌለው የመለማመጃ ጥይት ሞልቼ ጠመንጃውን እሰጠዋለሁ፣ ዓይኑን በነጠላ አስራለሁ፣ «ተኩሰህ ጅቡ ሸሽቷል፤ አሁን ባዶ አድርገው» እለዋለሁ። አፈሙዙን ሳያዞር፣ ቅደም ተከተሉን ሳያፋልስ፣ በጣቱ ዳስሶ ካረጋገጠ የትኛውንም ቢይዝ አልሰጋለትም። ከተደናገረ በእጅ የሚሠራውን ይያዝ፣ በደንብ እስኪለምድም በእጁ ይሥራው። ተኳሽነትን ሌላ ጊዜ እናስተምረዋለን። በጨለማ ባዶ ማድረግ የማይችለውን ጠመንጃ ማንም ሰው ወደ ቤቱ ማስገባት የለበትም።